ከሳንድፎርድ ሆል እስከ ሙሉ እርሻ፦ የአንድ እንግሊዛዊ ሰፋሪ የዘር ሐረግና የመሬት ጥያቄ



የዛሬውን ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያየ አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ትናንት ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። «መምህር፣ ቦንጋ ላይ ተቀምጠን የእንግሊዝ ባለመሬት ዘር መቁጠር ለምን አስፈለገን? የእኛው አባቶች ዘር መች ተጽፎ አለቀና?» አለኝ። በትሕትና ነው የጠየቀው፤ ጥያቄው ግን ከእኔ ጋር አደረ። አዘጋጅቼው የነበረውን ገለጻ ማታ እንደ ገና ከፈትሁት። የምትሰሙት ከዚያ በኋላ የተጻፈውን ነው።

ከመጀመሬ በፊት ስለ ዓመታት አንድ ማሳሰቢያ። የማነሣቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ «ዓ.ም.» ብዬ የምጠራቸው ብቻ በእኛው ናቸው።

ሰውዬው ብርጋዴር ዳንኤል አርተር ሳንድፎርድ ይባላሉ። በ1882 በእንግሊዝ አገር በዴቨን ተወለዱ። የመድፈኛ ጦር መኮንን ሆነው ኢትዮጵያን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በ1907 ነው። በሱዳን መንግሥት አገልግለዋል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተዋግተዋል። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1920ዎቹ መጀመሪያ፣ ከባለቤታቸው ከክሪስቲን ጋር መጥተው ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምዕራብ፣ የሙገር ሸለቆ አፋፍ ላይ፣ ሙሉ በሚባለው ስፍራ እርሻ መሠረቱ። ጣልያን አገሪቱን ሲይዝ ወጡ። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. «ተልእኮ 101» የተባለውን ቡድን እየመሩ ከሱዳን ወደ ጎጃም ገቡ፤ ከአርበኞቹም ጋር ተገናኙ። ንጉሠ ነገሥቱ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበሩን ሲሻገሩ አማካሪያቸው ነበሩ። ከነጻነት በኋላ በአገር ግዛት ሚኒስቴርና በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሠርተው ወደ ሙሉ ተመለሱ። በ1972 ዐረፉ። ክሪስቲን ሳንድፎርድም ስለ ኢትዮጵያና ስለ ንጉሠ ነገሥቱ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ በአዲስ አበባ የመሠረቱት የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ዛሬም በቤተሰቡ ስም ይጠራል።

ለእኛ አካባቢ ደግሞ እንግዳ አይደሉም። በ1935፣ የጣልያን ወረራ ሊጀምር በተቃረበበት ዓመት፣ የማጂ ግዛት አስተዳደር አማካሪ ሆነው ተሾመው ነበር። ማጂ በኋላ በከፋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረች አውራጃ ናት፤ ዛሬም እኛ በምንገኝበት ክልል ውስጥ ነች። ያን ጊዜ ማጂ በባሪያ ፍንገላ የተራቆተ አገር ነበር። የእንግሊዝ ቆንስል አርኖልድ ሆድሰን በ1920ዎቹ እዚያ መቀመጡም ከዚህና ከድንበሩ ጉዳይ የተነሣ ነበር።

እንግዲህ የእኒህን ሰው የዘር ሐረግ ለማጥናት ከየት ይጀመራል? ተማሪዎቼ ዘወትር ከላይ መጀመር ይወዳሉ። «መሥራቹ ማነው?» ብለው ከሩቁ ቅድመ አያት ይነሡና ወደ ታች ሲወርዱ ሐረጉ ይበጠስባቸዋል። ትክክለኛው መንገድ ከታወቀው ወደማይታወቀው፣ ከልጅ ወደ አባት መውጣት ነው። እያንዳንዱን እርከን በሰነድ ሳይዙ ወደ ሚቀጥለው አይወጡም።

በእንግሊዝ አገር ሰነዱ ብዙ ነው። ከሐምሌ 1837 ወዲህ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ ይገባሉ። ከ1841 ጀምሮ በየዐሥር ዓመቱ የተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የቤተሰብ አባላትን በስም ይዘረዝራል። የኑዛዜ መዛግብት ከ1858 ጀምሮ በአንድ ማእከል ተሰብስበዋል። ከዚያ በፊት ያለውን የሚይዙት የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ናቸው፤ በ1538 በወጣ ትእዛዝ ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን መጻፍ ጀመሩ። በእኛ አገር የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ሥራው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ይህን ልዩነት ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ደረጃውን እንውጣ። የብርጋዴሩ አባት ኧርነስት ግሬይ ሳንድፎርድ ይባላሉ፤ ከ1839 እስከ 1910 የኖሩ፣ የኤክሰተር ሊቀ ዲያቆናት የነበሩ ካህን ናቸው። የእሳቸው አባት ጆን ሳንድፎርድ፣ ከ1801 እስከ 1873፣ የኮቨንትሪ ሊቀ ዲያቆናት። የጆን አባት ዳንኤል ሳንድፎርድ፣ ከ1766 እስከ 1830፣ የኤድንብራ ጳጳስ። በእኛ ጆሮ «የጳጳስ ልጅ» የሚለው ቃል እንደሚያስደነግጥ አውቃለሁ፤ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ግን ጳጳስ ያገባል፣ ይወልዳል። የጳጳሱ አባት ደግሞ ዶክተር ዳንኤል ሳንድፎርድ ሲሆኑ፣ በሽሮፕሽር ግዛት የሚገኘው የሳንድፎርድ ሆል ባለቤት ቤተሰብ ናቸው። ሳንድፎርድ ሆል የመሬት ከበርቴ መኖሪያ ነው። በአምስት ትውልድ ከሙገር አፋፍ ተነሥተን የእንግሊዝ ባላባት ደጃፍ ደረስን ማለት ነው።

በመንገዱ ላይ ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ስም ነው። በዚህ ቤት ዳንኤል የሚል ስም ይደጋገማል፦ የጳጳሱ አባት፣ ጳጳሱ፣ የጳጳሱ ልጅ የግላስጎው የግሪክ ቋንቋ ፕሮፌሰር ሰር ዳንኤል ኪት፣ የፕሮፌሰሩ ልጅ የታዝማንያ ጳጳስ ዳንኤል ፎክስ፣ በመጨረሻም የእኛው ብርጋዴር። ካታሎግ ላይ «ዳንኤል ሳንድፎርድ፣ ጳጳስ» የሚል ብቻ ብታገኙ አያቱ ይሁን የልጅ ልጁ አታውቁም። ሁለተኛው ወጥመድ ቦታ ነው። የኤድንብራው ጳጳስ የተወለዱት አየርላንድ ውስጥ፣ ከደብሊን አጠገብ ነው፤ ቤተሰቡ የሽሮፕሽር፣ ሹመታቸው የስኮትላንድ። የትውልድ ቦታን ይዞ ብቻ የሚሄድ ተመራማሪ በተሳሳተ አገር መዝገብ ውስጥ ዓመት ይፈጃል።

ሦስተኛው ወጥመድ ሳይሆን መክፈቻ ቁልፍ ነው። እንግሊዞች የእናትን ቤት በልጅ መካከለኛ ስም ውስጥ ይሸሽጉታል። ጳጳሱ ያገቡት ከዳግላስ ቤተሰብ፣ የኧርስኪን ዳግላስን ልጅ ነው፤ አንዱ ወንድ ልጃቸው ኧርስኪን ዳግላስ ሳንድፎርድ ተባለ። ጆን ሳንድፎርድ ያገቧቸው ኤልዛቤት ፑል በዘመናቸው ስለ ሴቶች መጽሐፍ የጻፉ ደራሲ ናቸው፤ አንዱ ልጃቸው ሄንሪ ራይደር ፑል ሳንድፎርድ ይባላል። አባት ተከታዩ ሐረግ ላይ የጠፉት እናቶች እንዲህ በልጆቻቸው ስም ውስጥ ተቀምጠው ይገኛሉ።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ይመጣል። ከእነዚህ አምስት ትውልዶች መካከል መሬት የወረሰው የትኛው ነው? ከጳጳሱ ጀምሮ ወደ ታች ማንም የሳንድፎርድን ርስት አልወረሰም። በእንግሊዝ የውርስ ልማድ መሬቱ ሳይከፋፈል ለበኩር ወንድ ልጅ ያልፋል። የኤድንብራው ጳጳስ ሁለተኛ ልጅ ነበሩ። ለሁለተኛና ለሦስተኛ ልጅ የቀረው ቤተ ክህነት፣ ጦር ሠራዊት፣ የሕግ ሙያ ወይም ባሕር ማዶ ነው። የዚህን ቤት ልጆች ዝርዝር ስታዩ የእንግሊዝን ግዛት ካርታ ያያችሁ ይመስላችኋል። የብርጋዴሩ አጎቶች አንዱ ጆን ዳግላስ በሕንድ በማይሶር ዳኛ፣ ሌላው ቻርልስ ዎልድግሬቭ የጂብራልታር ጳጳስ፤ የአባታቸው የአጎት ልጅ ዳንኤል ፎክስ በታዝማንያ። ሌላው የአጎት ልጅ ፍራንሲስ በትምህርት መሥሪያ ቤት ከፍተኛ ሹመት አገኙ፣ ባሮን ተባሉም፤ ማዕረጉ ግን በ1893 ከእሳቸው ጋር ተቀበረ። ቤተሰቡ የባላባት ስም ነበረው፤ ከባላባቱ መሬት ግን የተነቀለ ቅርንጫፍ ነበር። አንድ አርባ ዓመት የሞላው መኮንን በሙገር አፋፍ ላይ እርሻ የሚመሠርተው ለምን እንደ ሆነ ሐረጉ ብቻውን አይነግረንም፤ የውርስ ሕጉ ግን በርካታ እንደ እሳቸው ያሉ ሰዎች ከአገራቸው ውጭ ማሳ የፈለጉበትን ምክንያት ያስረዳል።

ይህንኑ ቤተሰብ በሐሳባችሁ ወደ ጎጃም ውሰዱት። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ አለን ሆበን በደጋ ዳሞት ያጠኑት የርስት ሥርዓት በ1973 በመጽሐፍ ታትሟል። በዚያ ሥርዓት የዋናው አባት ዘር የሆነ ሁሉ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ በአባቱም በእናቱም በኩል ቆጥሮ የርስት ድርሻ መጠየቅ ይችላል። የበኩር ልጅ ብቻውን አይወርስም። ብርጋዴር ሳንድፎርድ በ1932 ዓ.ም. በነሐሴ ዝናብ ጭቃ እየረገጡ ያለፉባቸው የጎጃም መንደሮች በዚህ ሕግ ይኖሩ ነበር። ሳንድፎርድ ሆል ጎጃም ውስጥ ቢሆን ኖሮ እኒህ የሁለተኛ ልጅ ዘር ሽማግሌ ፊት ቀርበው፣ አባቶቻቸውን ቆጥረው፣ ድርሻቸውን ይሟገቱ ነበር። ሙግቱን ይረቱ ነበር አልልም፤ ሆበን እንደሚያሳዩት ሐረግ መቁጠር ያለ አቅምና ያለ ዘመድ ብዛት መሬት አያስገኝም። የመጠየቅ መብት ግን ነበራቸው።

ወደ ከፋ እንምጣ። እዚህ ሐረጉ የሚቆጠረው በአባት በኩል ነው፤ ሰው የሚታወቀው በያሮው፣ በጎሳው ነው። የንግሥናው ያሮ ሚንጆ ነበር። ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደዚህ መጥቶ የመዘገበው የነገሥታት ዝርዝር ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይጀምራል፤ የሚያበቃውም በ1897 በተማረኩት በታቶ ጋኪ ሸሮቾ ነው። አምኖን ኦሬንት የተባለው ተመራማሪም በ1960ዎቹ የከፋን የጎሳ አደረጃጀት አጥንቶ የዶክትሬት ድርሳን ጽፏል። ስለዚህ «የእኛ አልተጻፈም» የሚለው ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። የተጻፈው ግን የነገሥታቱ ነው፤ የጻፉትም የውጭ ሰዎች፣ በውጭ ቋንቋ ናቸው።

ያልተጻፈው የማን ነው? በፊደላችን ሚንጆና ማንጆ የሚለያዩት በመጀመሪያው ፊደል ቅርጽ ብቻ ነው፤ በአንዲት ቅጥል። ሚንጆ ነገሥታቱ ናቸው። ማንጆ ደግሞ በአደን ይታወቅ የነበረ፣ ከሌላው ጋር እንዳይጋባና አብሮ እንዳይበላ ለረጅም ዘመን የተገለለ ወገናችን ነው። በአንድ የተተየበ ሰነድ ላይ ይህች ቅጥል ተሳስታ አይቻለሁ፤ አንድ ሽማግሌ በስሕተት ከንጉሥ ዘር ገብተው ነበር። ስስቅ ቆይቼ ሳቄ ጠፋ። የአንዱ ወገን ሐረግ አምስት መቶ ዓመት ሲቆጠር የሌላው ሐረግ የሚጠየቀው ለማግለል ብቻ ነበር። በከፋ መንግሥትም ሆነ ከዚያ በኋላ በባርነት የተሸጡትንማ ከየት ዘር እንደ ነበሩ ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

ከ1897 በኋላ በዚህ አገር መሬትና ሐረግ ተለያዩ። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ በአንድራቻ ተቀምጠው ሲገዙ፣ መሬቱና ገባሩ ለመኳንንቱና ለወታደሩ ተደለደለ። የያሮው ሽማግሌ ድንበሩን ከነዛፉ ከነምንጩ ያውቃል፤ ግብሩን የሚቀበለው ግን ሌላ ሰው ሆነ። የእናቴ አባት ሲቆጥሩ የሰማሁት ሐረግ ከስድስት አባቶች አያልፍም ነበር። በየአባቱ ስም መካከል ግን የማሳ፣ የጫካና የማር ቀፎ የሚሰቀልበት ዛፍ ስም ያስገቡ ነበር። ሕፃን ሆኜ ጨዋታ ማጣፈጫ መስሎኝ ነበር። የይዞታ ማስረጃቸውን በቃል እየነገሩኝ እንደ ነበር የገባኝ የእንግሊዞችን የውርስ ሰነድ ማንበብ ስጀምር ነው።

«ሰፋሪ» ስለሚለው ቃል ጥቂት ልበል። በከፋ ይህ ቃል ሲነሣ በመንግሥት የሰፈራ ፕሮግራም የመጡ ወገኖቻችን ናቸው በአእምሯችን የሚመጡት፤ እነሱን ከቅኝ ገዥ ሰፋሪ ጋር ማደባለቅ ግፍ ነው። ብርጋዴር ሳንድፎርድንስ ቅኝ ገዥ ሰፋሪ ማለት ይቻላል? ከጎረቤት ጋር እናነጻጽር። ሎርድ ዴላሚር በኬንያ በ1903 በንጆሮ አንድ መቶ ሺህ ኤከር መሬት ለ99 ዓመት ተከራዩ። ያከራያቸው የራሳቸው የእንግሊዝ መንግሥት ነው፤ በ1915 የወጣው ሕግ ደግሞ የኪራዩን ዘመን ወደ 999 ዓመት አሳደገው። ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ዓመት በአማካይ ስንት ትውልድ እንደሚሆን እናንተው አስሉት። ያ መሬት ለሐረግ የተዘጋጀ መሬት ነው።

ሙሉ እንዲህ አልነበረችም። እዚህ መሬት የሚሰጠውም የሚነሣውም የኢትዮጵያ መንግሥት ነው። በ1960 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 390 የውጭ አገር ሰው በንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ካልሆነ በቀር የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት እንዳይሆን ይከለክል ነበር። ብርጋዴሩ ካረፉ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31 ወጣ። አዋጁ የአገሪቱን የገጠር መሬት በሙሉ ስለ ያዘ፣ ሙሉም፣ የከፋ ባለ ርስቶችም፣ የቡና ባለሀብቶችም በአንድ ቀን እኩል ሆኑ። ስለዚህ እኔ በጽሑፎቼ «እንግሊዛዊ ባለ እርሻ» እላለሁ፤ «ባለርስት» አልልም። ርስት ማለት ለልጅ የሚተላለፍ ነውና።

ይህን ስል ሰውየውን ከግዛተ መንግሥታቸው ነጥዬ ላጥባቸው አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ ወዳጅ ነበሩ፣ የአገራቸው መኮንንም ነበሩ፤ ሁለቱ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ አይሄዱም ነበር። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የሙሉን የእርሻ ቤት ታሪክ ለመጻፍ ብትነሡ ባለቤቶቹን አምስት ትውልድ ወደ ላይ፣ እስከ ሽሮፕሽር ድረስ በሰነድ ታገኛላችሁ። ያንኑ ማሳ ያረሱትን፣ ከብቱን የጠበቁትን፣ ልጆቹን ያዘሉትን ኦሮሞና አማራ ቤተሰቦች ግን አንድ ትውልድ ወደ ላይ እንኳ ለማግኘት ሽማግሌ ፍለጋ መንደር ለመንደር መዞር አለባችሁ። የእነዚያ ልጆች በ1967 ዓ.ም. በገበሬ ማኅበር ስማቸው ተጻፈ፤ በቅርቡ ደግሞ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ ባልና ሚስት አብረው ተመዘገቡ። የዚያ መንደር የሐረግ ሰነድ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

እንግሊዛዊ ቢሆንም ሐረጉ ወደ ኢትዮጵያ እናት የተሻገረ ሰውም አለ። የአጼ ቴዎድሮስ ባለሟል ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤል ኢትዮጵያዊት አግብተው ወለዱ፤ ልጃቸው ሱዛን ሚስዮናዊውን ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን አግብታ በኋላ ወደ ሊባኖስ ሄደች። በእንግሊዝ የዘር መጻሕፍት ልማድ ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን ቅርንጫፍ ያጣዋል፤ በርስት ልማድ የሚቆጥር ጎንደሬ ግን በእናቷ በኩል ወዲያው ያገኛታል።

አሁን ለዚያ ተማሪ የምመልስለት ይህ ነው። የሳንድፎርድን ሐረግ ያነሣሁት መንገዱን ለማሳየት ነው፤ ከልጅ ወደ አባት መውጣት፣ የስም መደጋገምን መጠርጠር፣ የእናትን ቤት መፈለግ፣ መሬቱን በየእርከኑ መጠየቅ። ጥያቄው «ማን ማንን ወለደ» ብቻ ከሆነ ሥራው ግማሽ ነው። «ማን ምን ወረሰ፣ ማንስ ሳይወርስ ቀረ» ተብሎ ሲጠየቅ ነው ሐረጉ የሚናገረው።

ለሴሚስተሩ የመስክ ሥራ የምሰጣችሁም ከዚሁ የወጣ ነው። እያንዳንዳችሁ አንድ ቤተሰብ ትይዛላችሁ። በከፊኛ የተነገረውን በከፊኛ፣ በፊደልም በላቲንም ትጽፋላችሁ፤ ትርጉሙ ከጎኑ ይሆናል። የእናቶችን ስም ሳትጠይቁ አትመለሱ፤ «አላስታውስም» ቢሏችሁ እንኳ ባዶውን መስመር አስቀምጡ እንጂ አትዝለሉት። የማሳውን፣ የጫካውንና የዛፉን ስም ሐረጉ ውስጥ እንደ ተነገረ አስገቡ። ባለታሪኩ ይጻፍ ያሉትን ብቻ ጻፉ፤ የመገለልን ታሪክ በተመለከተ ስማቸው እንዳይወጣ የሚፈልጉ ይኖራሉ፣ ፈቃዳቸው ይከበር። ከመካከላችሁ ቢያንስ አምስቱ የማንጆ ቤተሰብ ዘንድ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ፤ ፈቃደኞች ስማችሁን ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ለክፍል ተጠሪው አስመዝግቡ።

ትናንት የጠየቀኝ ተማሪ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ይታየኛል፤ አያቱ አንድራቻ አካባቢ እንደሚኖሩ ነግሮኛል። የመጀመሪያው ጉዟችን ወደ እሳቸው ይሆናል። መቅረጫውን እኔ እይዛለሁ፣ ጠያቂው እሱ ነው።

ጥያቄ ያላችሁ፣ መድረኩ ክፍት ነው።